ከልዋጭ ጥሪ እስከ ቴሌግራም፦ ማስታወቂያ መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ያሰለቻል?

ኢንተርኔት ሳይመጣም ማስታወቂያ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋና ባልዲ ይሰጣል። ቤቷ አሮጌ ጫማ ለተከማቸባት ሴት ጥሪው የምሥራች ነው፤ ሕፃን ያስተኛች ጎረቤቷን ግን ያማርራታል። ጥሪው አንድ ነው፤ የሚለየው ሰሚዋ በዚያች ሰዓት መፈለጓና አለመፈለጓ ነው። የኦንላይን ማስታወቂያ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። ሜይ 3 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. የአንድ ኮምፒውተር አምራች የገበያ ኃላፊ የነበረው ጋሪ ቱርክ፣ አርፓኔት በሚባለው የያኔው መረብ ላይ ለነበሩ 400 ያህል ሰዎች የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ማሳያ ግብዣ በኢሜይል ላከ። ማንም አልጠየቀውም ነበርና ብዙዎች ተቆጡ። እሱ ግን በዚያ መልእክት ብዙ እንደተሸጠ ኋላ ላይ ተናግሯል። አንዱ መልእክት ለጥቂቱ ጠቃሚ፣ ለብዙው አስልቺ ሆነ ማለት ነው።

ኦክቶበር 27 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሆትዋየርድ የተባለው ድረ ገጽ የባነር ማስታወቂያ አወጣ። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ያሠራው ባነር፣ የተጫነውን ሰው የሥነ ጥበብ ሙዚየሞችን ወደሚያስጎበኝ ገጽ ይወስድ ነበር። ሰውም በጉጉት ተጫነው። ሁሉም ያንኑ ሲያደርግ ግን የሰው ዓይን ባነርን ማለፍ ለመደ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ብቅ እያለ ገጹን የሚሸፍነው መስኮት መጣ። ፕሮግራሙን ከጻፉት አንዱ የሆነው ኢታን ዙከርማን በ2014 እ.ኤ.አ. ሕዝብን በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል።

በ2000 እ.ኤ.አ. ጉግል የተለየ መንገድ ያዘ፦ ማስታወቂያውን ሰውየው ከፈለገው ቃል ጋር አገናኘው። ይህ ምጣድ ፈልጋ መርካቶ ለገባች ሴት የምጣድ ተራውን እንደማሳየት ነው። ችግሩ የመጣው ምጣዱን ከገዛች በኋላም ሻጩ ለሳምንታት በየሄደችበት ሲከተላት ነው።

ሕግም ወደዚህ ጉዳይ ገብቷል። በኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሰውን የግል መረጃ ለንግድ ለመጠቀም የራሱን ግልጽ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሕግ ራሱ ካልፈቀደ በቀር። ስለዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ለምንነግድ ሰዎች፣ ደንበኛዋ በኤምፔሳ ስትከፍል ያየነውን ስልክ ቁጥር ሳናስፈቅዳት የማስታወቂያ መላኪያ ዝርዝር ውስጥ መክተት ነውር ብቻ አይደለም፤ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

እኛ ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴዎች ኦንላይን ማስታወቂያን መጥላት አንችልም። የሱቅ ኪራይ ለማይቀመስባት ሴት የቴሌግራም ቻናል ሱቋ ነው። ገዢም ከቤቷ ሳትወጣ የሦስት ሻጭ ዋጋ ታወዳድራለች። ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ጽሑፍ ይህንኑ ጥቅም ይገድለዋል። ገዢዋ ማወዳደር የምትችለው ዋጋ ሲጻፍላት ነው፤ ካልተጻፈላት እንደ ሰዉ ዓይቶ ዋጋ ሊቆረጥላት ነው ብላ ትጠረጥራለች። በፎቶና በዕቃ መካከል ያለ ልዩነት፣ ሳይጠየቁ ሰውን ግሩፕ ውስጥ መጨመር፣ በቀን አሥር ጊዜ መለጠፍም እንዲሁ ናቸው። የአንዱ ሻጭ ማታለል ለሌላው ይተርፋል፤ አንዴ የተታለለች ገዢ ሐቀኛዋንም ሻጭ አታምንም።

በእኛ እምነት ማስታወቂያ ሸማቹን የሚጠቅመው ዋጋው፣ የዕቃው እውነተኛ ፎቶና የሻጩ አድራሻ ሲኖረው ነው። «ይብቃኝ» ላለች ደንበኛም በዚያው ቀን መላክ ማቆም አለብን። ነገ አንድ ነገር ስትፈልግ ራሷ ትመጣለች።