ያልተቆጠረው ዓይን፦ የልብ ሕክምና፣ የራጅ ጨረራና የታካሚው ዕይታ

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ልቡን በራጅ መሪነት የሚታከም ሰው ዓይኑ ላይ ምን ሊደርስበት ይችላል? ጥያቄው የሐኪም ይመስላል። እኔ ግን ዛሬ ከታሪክ ወገን ልመለከተው ፈልጌአለሁ። ጨረራ በዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የምናውቀው ነገር የተሰበሰበው፣ በየዘመኑ የተመረመረው የማን ዓይን እንደ ነበረ በመከተል ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። አራት ወር ሳይሞላ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በሜይ 1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን ክንድ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ አነሣ። ይህም ራጅ ለጦር ቁስለኞች የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ የአገራችን ስም ከራጅ የሕክምና ታሪክ ጋር የተያያዘው ከመነሻው ጀምሮ ነው ማለት እንችላለን።

ስለ ዓይን የተሰማው ስጋትም ብዙ አልዘገየም። በዚያው በ1896 ቶማስ ኤዲሰን በራጅ ሲሠራ ዓይኑን እንዳመመው ተናገረ። ረዳቱ ክላረንስ ዳሊ በጨረራው ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ክንዶቹ ተቆርጠው በ1904 ሞተ፤ ኤዲሰንም የራጅ ሥራውን ተወው። በ1928 በስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የጨረራ መከላከያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1936 ደግሞ በሐምቡርግ በራጅና በራዲየም ሥራ ሕይወታቸውን ላጡ ሰዎች የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። በሐውልቱ ላይ የሐኪሞች፣ የፊዚክስ ሊቃውንትና የነርሶች ስም ተቀርጿል። መታሰቢያው ለሠራተኞች የቆመ በመሆኑ የታካሚ ስም የለበትም። ይህን የምጠቅሰው ለነቀፋ አይደለም፤ የሐሳቡ አቅጣጫ ከመነሻው ወዴት እንደ ነበረ ስለሚያሳይ ነው።

ሌንስን የተመለከተው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው በ1949 ነው። በዚያ ዓመት የዓይን ሞራ ግርዶሽ በሁለት ወገኖች ላይ መታየቱ ተዘገበ፤ አንደኛዎቹ በአሜሪካ ሳይክሎትሮን በተባለው መሣሪያ ይሠሩ የነበሩ የፊዚክስ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ከሂሮሺማ የአቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎች ናቸው። በ1957 ሜሪያምና ፎክት የተባሉ ተመራማሪዎች ለካንሰር በጨረራ የታከሙ ሰዎችን መርምረው፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ 2 ግሬይ ያህል ጨረራ ሌንስን ሊያደፈርስ እንደሚችል አሳዩ። ይህ ቁጥር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የመከላከያ መመሪያዎች መነሻ ሆኖ ኖረ።

ጉዳቱ የሚደርሰው እንዴት ነው? የዓይን ሌንስ የደም ሥር የለውም፤ ያረጁ ሴሎቹንም እንደ ቆዳ አራግፎ አይጥልም። በሌንሱ ጠርዝ የሚከፋፈሉት ሴሎች በጨረራ ሲጎዱ ወደ ኋለኛው ገጽ ይጓዙና በዚያ ደመና የመሰለ ጥላ ይሠራሉ። ይህ ዓመታትን ይፈጃል። መጠኑ ባነሰ ቁጥር ጥላው የሚታይበት ጊዜ ይርቃል። እንግዲህ ሌንስ የደረሰበትን ሁሉ አጠራቅሞ የሚይዝ፣ የሚናገረው ግን ዘግይቶ የሆነ አካል ነው።

አሁን ወደ ልብ ሕክምና ልሻገር። በ1929 ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ ከክንዱ ደም ሥር ወደ ገዛ ልቡ አስገብቶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሣ። በ1958 ሜሰን ሶንስ በክሊቭላንድ የልብን የደም ቧንቧዎች በራጅ ማሳየት ቻለ። በ1977 አንድሬያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ የጠበበ የልብ ቧንቧን በፊኛ ከፈተ። በ1982 ደግሞ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ የጠበበ የልብ ቫልቭን ያለ ቀዶ ሕክምና በፊኛ ማስፋት ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የሐኪሙን እጅ የሚመሩት በተከታታይ በሚበራ ራጅ ነው። ደረት ሳይከፈት ልብን ማከም የተቻለው ጨረራው ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከሰዓት በላይ እየበራ ነው።

ሕክምናው ሲስፋፋ የተመረመረው በቅድሚያ የሐኪሙ ዓይን ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2008 በልብ ሐኪሞችና በነርሶች ላይ የሌንስ ምርመራ አስጀመረ። በ2010 ከማሌዥያ የታተመው ውጤት ከተመረመሩት የልብ ሐኪሞች 52 በመቶ፣ ከነርሶቹ 45 በመቶ፣ ለጨረራ ካልተጋለጡት ደግሞ 9 በመቶ በሌንሳቸው የኋለኛ ክፍል ለውጥ እንደ ታየባቸው ገለጸ። በ2011 ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን የጉዳቱን መነሻ መጠን ወደ 0.5 ግሬይ ዝቅ አደረገ። የሠራተኛው የዓይን ሌንስ ዓመታዊ ገደብም ከ150 ሚሊሲቨርት ወደ 20 ሚሊሲቨርት አማካይ ወረደ።

ታዲያ በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰውስ? የታካሚው ዓይን ከታሪኩ የቀረባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ፊዚክሳዊ ነው። ዋናው ጨረራ የሚያነጣጥረው ደረት ላይ ነው፤ ዓይን የሚያገኘው ከአካል ተንጸባርቆ የሚበተነውን ነው። ለአዋቂ ሰው ከአንድ ሕክምና የሚደርሰው የዓይን መጠን ከ0.5 ግሬይ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን የብትኑ ጨረራ ከፊሉ በታካሚው በራሱ አካል ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ፣ ሐኪሙን የሚጠብቀው የእርሳስ መነጽር ታካሚውን በዚያው ልክ አይጠብቀውም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በ1994 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በራጅ በሚመሩ ሕክምናዎች ሳቢያ ከባድ የቆዳ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን አስጠነቀቀ። ቆዳ በሳምንታት ውስጥ ስለሚናገር ተሰማ። ሌንስ ግን በሚናገርበት ጊዜ ታካሚው አርጅቷል፤ ሞራውም ለዕድሜው ይቆጠራል።

ሦስተኛው ሕጋዊ ነው። ለሠራተኛ ዓመታዊ ገደብ አለ፤ ለታካሚ ግን በመርህ ደረጃ ገደብ የለም። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ሕይወትን የሚያድን ሕክምና በቁጥር መቋረጥ የለበትም። ከዚህ የተነሣ የታካሚው ጥበቃ ሁለት ነገሮች ላይ ብቻ ይቆማል፦ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን ማረጋገጥና መጠኑን በተቻለ መጠን ማሳነስ። ለሁለቱም ደግሞ የተጻፈ ቁጥር ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ለእኛ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በበለጸጉት አገሮች በካቴተር የሚታከመው ሰው በአብዛኛው በዕድሜ የገፋ ነው። በእኛ አገር ግን ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመምና ከልደት ጀምሮ ያለ የልብ ጉድለት ብዙ ሕፃናትንና ወጣቶችን ይይዛል። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል የተመሠረተው ይህ ችግር በፈጠረው ግፊት ነው። መላ ቁመቱ ከአንድ ክንድ ብዙ የማይበልጥ ጨቅላ ሲታከም ዓይኑ ለልቡ ቅርብ ነው። ሕክምናው ሊደጋገም ይችላል፤ ከዚያ በኋላም፣ ደግነቱ፣ ረጅም ዕድሜ ይጠብቀዋል። ዘግይቶ ለሚታይ ጉዳት ረጅም ዕድሜ ማለት ረጅም መጋለጫ ጊዜ ማለት ነው።

በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የዓይነ ስውራን ቁጥር ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ሲሆን፣ የግማሹ ያህል መንሥኤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ከዚህ ውስጥ የጨረራ ድርሻ አለ እያልሁ አይደለም፤ ዋናዎቹ ምክንያቶች ዕድሜና የቀዶ ሕክምና እጥረት ናቸው። ይሁን እንጂ ሞራ እንዲህ በበዛበት አገር በጨረራ የመጣ ጥቂት ሞራ ቢኖር በብዙኃኑ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። በጥልቀት ካልጠየቅን በቀር አናየውም።

ሕግ አልጠፋንም። ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት። በ1993 በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2008 አዋጅ ቁጥር 571፣ በ2017 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1025 ተከተሉ። የሚቀረው ሕጉ ከታካሚው የሕክምና ካርድ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው።

ከድሬዳዋ ሆነን ስናየው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የምሥራቁ ክፍል የልብ ሕሙማን ለረጅም ዘመን ለእንዲህ ያለው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ኖረዋል። ታክሞ የተመለሰው ልጅ ክትትሉን በድል ጮራ ሆስፒታል ቢያደርግ፣ የተሰጠው ጨረራ መጠን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ዓይኑ ሲደበዝዝ ደግሞ ወደ ሦስተኛ ቦታ ይሄዳል። ሦስቱ መዝገቦች ካልተገናኙ የልብ ሐኪሙም የዓይን ሐኪሙም እውነቱን በከፊል ብቻ ይይዛሉ።

መፍትሔው አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ዘመናዊ የካቴተር ራጅ በሕክምናው መጨረሻ የተሰጠውን መጠን በመስታወቱ ላይ ያሳያል፤ ያንን ቁጥር ታካሚው ይዞት በሚሄደው ማጠቃለያ ላይ መጻፍ ይበቃል። የዓይን ሐኪም ደግሞ በወጣት ታካሚ ላይ የኋለኛ ሌንስ ጥላ ሲያይ «ልብዎ በካቴተር ታክሞ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቅ። ለጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎችም በልጅነታቸው የታከሙትን ፈልጎ ሌንሳቸውን መመርመር በአገራችን አቅም የሚሠራ ሥራ መሆኑን አስቡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ ልበል። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ «ራጅ ያሳውራል» ብሎ ልጁን ከልብ ሕክምና የሚያስቀር ሰው እንዳይኖር። ያልታከመ የልብ ሕመም ይገድላል፤ ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሚዛኑ ግልጽ ነው። የምጠይቀው ሕክምናው እንዲቀር ሳይሆን ቁጥሩ እንዲጻፍ ነው። የሠራተኛው ዓይን ጥበቃ ያገኘው ስለ ተቆጠረ ነው፤ ለታካሚውም ከዚህ የተለየ መንገድ የለም።