የባርትልስቪል ቤተ መጻሕፍት ክርክር፤ ስለ መጽሔት ወይስ ስለ ሥልጣን?

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ላይ የሚነሣ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ስም ይጀመራል። ይሁን እንጂ መርማሪው የተከሰሰውን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ቢፈርድ የነገሩን ሥር ሳያገኝ ይቀራል። በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ በባርትልስቪል ከተማ በ1950 የተደረገው ክርክር ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባርትልስቪል በዚያን ጊዜ የፊሊፕስ ነዳጅ ዘይት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረባት ከተማ ናት። ቤተ መጻሕፍቷን ከ1919 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የመሩት ወይዘሪት ሩት ብራውን ነበሩ። ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ሕግ በሚከለክልበት አገር እርሳቸው ጥቁሮችን አንባቢዎች ያስተናግዱ ነበር፤ በ1946ም የዘር ልዩነትን የሚቃወም ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ ሆኑ። በ1950 መጀመሪያ ላይ ከሁለት ጥቁር አስተማሪዎች ጋር ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገብተው (በዚያ ዘመን የአሜሪካ መድኃኒት ቤት ምግብና መጠጥም ይሸጥ ነበር) እንዲስተናገዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ።

በዚሁ ሰሞን አንድ የከተማው ሰዎች ቡድን ለከተማው ኮሚሽን አቤት አለ። ነገር ግን በክሱ ላይ ጎልቶ የወጣው የመድኃኒት ቤቱ ጉዳይ አልነበረም፤ ቤተ መጻሕፍቱ የኮሙኒስት ጽሑፍ ያስነብባል የሚል ነው እንጂ። የተጠቀሱትም «ዘ ኔሽን»፣ «ዘ ኒው ሪፐብሊክ»ና «ሶቪየት ራሽያ ቱዴይ» የተባሉት መጽሔቶች ናቸው። ሦስቱን በአንድ ከረጢት መክተት ራሱ ያስተዛዝባል። «ዘ ኔሽን» ከ1865፣ «ዘ ኒው ሪፐብሊክ»ም ከ1914 ጀምረው የሚታተሙ የአሜሪካ የፖለቲካ መጽሔቶች ሲሆኑ፣ ለሶቪየት መንግሥት ለመናገር የቆመው ሦስተኛው ብቻ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱን የሚቆጣጠረው ቦርድ ነገሩን መርምሮ ከወይዘሪት ብራውን ጎን ቆመ። የታሪኩ ዋና ክፍል፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ኮሚሽነሮቹ ቦርዱን ማሳመን ቢሳናቸው ደንቡን ለወጡት። በአዲሱ ደንብ የቤተ መጻሕፍቱን ሥልጣን ወደ ራሳቸው አዛወሩ፤ የቦርዱንም አባሎች አሰናብተው ሌሎች ሾሙ፤ ቀጥሎም በጁላይ 25 ቀን 1950 ወይዘሪት ብራውንን ከሥራቸው አስወጡ። አንድ መጽሔት ከመደርደሪያ ቢነሣ ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚታይ አንባቢው ይጠይቃል፤ የመሾምና የመሻር መብት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን መደርደሪያው እንደ ሞላ ነው።

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሳንሱርን የሚቃወም የመብት መግለጫ በ1939 አውጥቶ በ1948 አሻሽሎት ነበር። ሆኖም መግለጫው በከተማ ደንብ ላይ የሚያዝ ኃይል አልነበረውም። የወይዘሪት ብራውን ደጋፊዎች ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም። እርሳቸውም ከተማውን ለቀው በሚሲሲፒ የጥቁሮች ልጆች በሚማሩበት በፓይኒ ዉድስ ትምህርት ቤት አገለገሉ።

በ1956 ቤቲ ዴቪስ የሠራችበት «ስቶርም ሴንተር» የተባለው ፊልም ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ተዘጋጀ። በፊልሙ የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ የምትባረረው አንድ የኮሙኒስት መጽሐፍ አላነሣም በማለቷ ነው፤ የጥቁሮቹ ጉዳይ ፈጽሞ ተትቷል። ስለዚህ የከሳሾቹ አቀራረብ የኃላፊዋ ወዳጅ በሆነው ፊልም ውስጥ እንኳ አሸንፎ ወጣ ማለት ይቻላል። የዘሩን ነገር ወደ ቦታው መልሳ በሰፊው የጻፈችው ሉዊዝ ሮቢንስ ስትሆን መጽሐፏም የታተመው በ2000 ነው።