ገጪው ካልተገኘ ማን ይከፍላል? ከአውጫጭኝ እስከ መድን ፈንድ

ቆሰበር በመንገድ የምትተዳደር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒና ወደ ጉባ የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። የፋግታ ለኮማ ከሰል፣ የአካባቢው ድንች፣ ከመሃል አገር የሚመጣው ሸቀጥ በከባድ መኪና ተጭኖ በዚህ ያልፋል። በዚሁ አስፋልት ላይ ጋሪም፣ ባጃጅም፣ ገበያ ውሎ በእግሩ የሚመለስ ገበሬም አለ። ደጋው ደግሞ ጉምና ዝናብ አያጣም።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ የጭነት መኪና በሌሊት ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ፣ ሳይነጋ ወይ ባሕር ዳር ወይ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ሾፌሩን የሚያውቀው የለም። ታርጋውን ያነበበ ካለም ያየው ምናልባት ሁለት ቁጥር ነው። ሟቹ ግን ስም አለው፤ ልጆች አሉት፤ ያልታጨደ እህል አለው። ታዲያ ገጪው ካልተገኘ ለእነዚህ ልጆች የሚከፍለው ማን ነው?

ጥያቄው ከመኪና በፊትም ነበር። የአገራችን ሰው ለዚህ የራሱ መልስ ነበረው። አንዳንዱ አካባቢ አውጫጭኝ፣ ሌላው አፈርሳታ ይለዋል። ሰው ተገድሎ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተሰርቆ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ በዛፍ ሥር፣ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ጉባኤው አይበተንም፤ እርሻም ይቆማል፣ ገበያም ይቀራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፋተኛው ካልተገኘ ነዋሪው ተከፋፍሎ የጉዳቱን ካሳ ይከፍላል።

አውጫጭኝ ንጹሕ ፍትሕ ነበር ማለት አይደለም። ያልበደለ ሰው የሥራ ቀኑን ያጣ ነበር፤ ቂም ያለውም ሰው ጠላቱን ሊጠቁም ይችል ነበር። ነገር ግን በውስጡ ያለው አሳብ ጠንካራ ነው። አጥፊው ባለመታወቁ ተጎጂው ባዶ እጁን አይቀርም፤ አጥፊው ያለበት ማኅበረሰብ ዕዳውን በጋራ ይሸከማል።

ይህን አሳብ ከሥሩ የነቀነቀው መኪና ነው። በ1900 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ነገሩ ለሰው ሁሉ ትርኢት ነበር። ዘመን አልፎ መንገድ ሲዘረጋና የጭነት መኪና ሲበዛ ግን አዲስ ዓይነት በዳይ ተፈጠረ። የበፊቱ በዳይ ብዙውን ጊዜ የዚያው አገር ሰው ነው፤ በዛፉ ሥር ከተሰበሰቡት መሃል ይገኛል፤ ባይገኝ ዘመዱ ይገኛል። የመኪናው በዳይ ግን አላፊ ነው። የባንጃን ገበሬ ሰብስቦ «ማን ገጨው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ሽማግሌ እርቅ የሚያወርደው በዳይ ሲኖር ነው፤ የደም ካሳም የሚቆረጠው ከፋዩ ሲታወቅ ነው። ባመለጠ ሾፌር ፊት ሽምግልናም እጁን ያጣጥፋል።

ዘመናዊው ሕግ ክፍተቱን በግማሽ ሞላው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለቤቱ በራሱ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ መኪናው በጊዜው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ይህ ለተጎጂ ትልቅ ነገር ነው፤ ታርጋው ከታወቀ ሾፌሩ ቢጠፋም ባለቤቱ አይጠፋምና። እዚያው ሕግ አንቀጽ 2142 ላይ ደግሞ የአውጫጭኝን ዱካ የሚመስል ነገር አለ። ከጥቂት ሰዎች አንዱ ጉዳት ማድረሱ እርግጥ ሆኖ የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ፣ ፍርድ ቤት ርትዕ ሲያስገድድ ሁሉም በአንድነት እንዲክሱ ማዘዝ ይችላል። ይሁንና ይህ የሚሠራው በዳዩ ከታወቀ ቡድን ውስጥ ሲሆን ነው። በዚያች ሌሊት በቆሰበር ያለፈን ባለመኪና ሁሉ ሰብስቦ የሚያስከፍል ፍርድ ቤት የለም።

ቀሪው ግማሽ የመድን ሥራ ነበር፤ መድኑ ግን ዘገየ። የመጀመሪያው አገር በቀል የኢንሹራንስ ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ደርግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 የነበሩትን 13 ኩባንያዎች ወረሰ፤ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ብቻውን ቀረ። በ1986 ዓ.ም ዘርፉ ለግል ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ዘመን መድን በዋናነት የባለንብረቱ ጉዳይ ነበር፤ መኪናውን የሚወድ መኪናውን ያስመድናል። በመንገድ ዳር ለሚሄደው ሰው ሲባል እያንዳንዱን ባለመኪና የሚያስገድድ ሕግ የወጣው በ2000 ዓ.ም ነው፤ አዋጅ ቁጥር 559/2000። እንግሊዝ ተመሳሳዩን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1930 አውጥታ ነበር። የእኛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ዛሬ ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ቦሎ የማይገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አዋጁ ግዴታውን ብቻ አይደለም የደነገገው፤ ፈንድም አቋቁሟል። የፈንዱ ገንዘብ የሚመጣው መኪኖች ለሦስተኛ ወገን ከሚከፍሉት አረቦን ነው። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ፣ ወይም ታውቆ መድን የሌለው ከሆነ፣ ለሞተውና አካሉ ለጎደለው ሰው ካሳ የሚከፍለው ይህ ፈንድ ነው። ዛሬ ሥራው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በተባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

ነገሩን ላስተዋለው አውጫጭኝ በሌላ መልክ ተመልሷል። ድሮ ጎረቤት ተከፋፍሎ ይከፍል ነበር፤ አሁን ባለመኪናው ሁሉ፣ የሕግ አክባሪውም ጭምር፣ በየዓመቱ ከአረቦኑ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ ስሙ ያልታወቀውን ሾፌር ዕዳ ይከፍላል። የገበሬው ጎረቤት ከዕዳ ወጥቷል፤ የመንገዱ ማኅበር ገብቶበታል። ይህ ከአውጫጭኝ የተሻለ ፍትሕ ነው፤ አደጋውን የሚፈጥረው መንደሩ ሳይሆን መኪናው ነውና።

ይህ መብት በወረቀት ላይ ሙሉ ይምሰል እንጂ መሬት ላይ ሲወርድ ሦስት ቦታ ይሰበራል።

አንደኛው የፖሊስ ሪፖርት ነው። ለፈንዱም ሆነ ለኢንሹራንስ ኩባንያ የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ የሚነሳው ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ነው። አደጋው የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደደረሰ ካልተጻፈ፣ ያመለጠ መኪና መኖሩ ካልተመዘገበ፣ ሟቹ ለሕጉ በመኪና አልሞተም። በገጠር ቀበሌ ደግሞ ሬሳ ይነሳል፣ ይቀበራል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ወደ ፖሊስ የሚሄደው ሰው «በዳዩ ከሄደ ምን ላመጣ?» ብሎ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ለ2016 ያስመዘገበችው የመንገድ አደጋ ሞት 4,352 ሲሆን፣ የድርጅቱ ግምት ግን 27,326 ነበር። ግምት ግምት ነው፤ ቢሆንም በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለው ገደል ውስጥ ካሳ ያልጠየቁ ስንት ቤተሰቦች እንዳሉ ያሳስባል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ፣ ፖሊስ በጊዜው ወደ ቦታው መውጣት ባልቻለበት ሁሉ ይህ ወረቀት ይበልጥ ይርቃል።

ሁለተኛው የገንዘቡ ልክ ነው። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተጻፈው ካሳ ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ለንብረት ጉዳት የተጻፈው ጣሪያ ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ከሰው ይልቅ ለቆርቆሮ ከፍ ያለ ጣሪያ! በ2005 አንድ ዶላር ከ20 ብር በታች ስለነበር 40,000 ብር ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ያው ገንዘብ 400 ዶላር አይሞላም። ቁጥርን በሕግ አንቀጽ ውስጥ ቸንክሮ መተው የቆየ ልማዳችን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በዚያ ዘመን 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ሕንድም በዚህ አልፋለች። ገጭቶ ላመለጠ መኪና የሞት ካሳ ለረጅም ጊዜ 25,000 ሩፒ ላይ ቆሞ ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ 200,000 ሆነ። እንዲህ ያለ ቁጥር በየአሥር ዓመቱ በልመና ከሚነሳ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ቢራመድ ይሻላል።

ጣሪያው ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም መኪናው ያመለጠበትን ቤተሰብ ነው። ገጪው የታወቀ እንደሆነ ኢንሹራንሱ ከከፈለው በላይ ያለውን ከባለቤቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ገጪው ያልታወቀ እንደሆነ ግን የፈንዱ ጣሪያ የመጨረሻው ነው።

ሦስተኛው ፈረሱ ነው። ፈንዱ የሚክሰው የሰው አካልንና ሕይወትን እንጂ ንብረትን አይደለም። ምክንያቱ ይገባል፤ ራሱ የሰበረውን ዕቃ «ያልታወቀ መኪና ሰበረብኝ» የሚል እንዳይበዛ ነው። በአዊ ግን ፈረስ እንደ ማንኛውም ዕቃ አይቆጠርም። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት አገር ነው፤ ለባለጋሪው ደግሞ ፈረሱ የቤተሰቡ እንጀራ ነው። ፈረሱን መኪና ገጭቶበት የጠፋ ባለጋሪ ከፈንዱ ሳንቲም አያገኝም።

ሾፌሮች ለምን ይሸሻሉ የሚለውንም መዝለል አይቻልም። ሁሉም ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ብዙው የሚሸሸው የሟች ዘመድ እንዳይበቀለው ፈርቶ ነው፤ ከእነዚህ መሃል በቀጥታ ቀጣዩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን የሚሰጥ አለ፤ እሱ አምልጧል አይባልም። የሌላው ስሌት ግን ሌላ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ግልጽ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ራሱ ያቆሰለውን ሰው ሳይረዳ ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ያስቀጣል፤ ነገር ግን ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው። ሰክሮ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ለገጨ ሾፌር ሁለቱን ሲመዝን መሸሽ የሚያዋጣ ይመስለዋል። ቆሞ ቁስለኛውን ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው በግልጽ የሚጠቀምበት፣ ጥሎት የሄደ በግልጽ የሚከፍልበት ሕግ ያስፈልጋል።

እስከዚያው የተጎጂ ቤተሰብ ከቀብሩ ጎን ለጎን ሊያደርጋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። አደጋው በደረሰ ቀን ለፖሊስ ማሳወቅና የመዝገብ ቁጥር መያዝ ይገባል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላኑን እስኪያነሳ የተሰበረ መብራትና የመኪና ስብርባሪ ከቦታው መነሳት የለበትም። ያየ ሰው ስሙን ይስጥ፤ ታርጋው ሙሉ ባይታይም ኮዱ፣ «አማ» ወይም «ኢት» የሚለው ፊደል፣ የመኪናው ቀለምና ጭነት ይጠቅማል። ቁስለኛ ካለ በአቅራቢያው ያለ ማንኛውም ሐኪም ቤት የመጀመሪያውን የድንገተኛ ሕክምና ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ መስጠት አለበት፤ አዋጁ ለዚህ ሲወጣ 2,000 ብር መድቦ ነበር። በሐኪሙ ካርድ ላይ ጉዳቱ የመኪና አደጋ መሆኑ ይጻፍ። ሟች ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ «ኀዘኑ ይውጣልን» እያሉ ማቆየት መብት ያስቀራል።

ይህን ሁሉ ግን ኀዘንተኛው ብቻውን ይሸከም ማለት ተገቢ አይደለም። በአውጫጭኝ ዘመን ጉባኤውን የሚጠራው የአገሩ ሹም እንጂ የሟች ሚስት አልነበረችም። ዛሬም የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የእድር ዳኛ በየለቅሶው አሉ። እነሱ «ፖሊስ መዝግቦታል ወይ? ፈንድ እንዳለ ታውቃላችሁ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ በየዓመቱ ከየባለመኪናው የሚሰበሰበው ገንዘብ ለተሰበሰበለት ሰው ይደርሳል። ለእድር ዳኛ ይህ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ለሟች ልጆች ግን ካሳ ማግኘትና ባዶ እጅ መቅረት የሚለይበት ነው።