ከቀላየ ባሕር ወደ ናይሮቢ ደጋ

ከሞምባሳ ወደብ ወደ ናይሮቢ የሚወጣው መንገድ ታሪኩ ከጥንት ጀምሮ የውኃ ታሪክ ነው። የሲራራ ነጋዴዎች የታሩን ምድረ በዳ በእግር እየተሻገሩ ሳምንታት ይጓዙ ነበር፤ እንግሊዞችም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 ሐዲድ መዘርጋት በጀመሩ ጊዜ በዚያው በረሃ ለሠራተኞቻቸው የሚጠጣ ውኃ በባቡር ማመላለስ ግድ ሆነባቸው፤ በግንቦት 1899 ሐዲዱ ውኃ ከማይታጣበት ረግረጋማ ሜዳ ሲደርስ የናይሮቢ ከተማ በጣቢያው ዙሪያ ተቈረቈረች።

መንገዱ ሰውን ከባሕር ጠረፍ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያወጣል። ይህን ዐቀበት ባቡር ከሳምንታት ወደ አንድ ቀን፣ አውሮፕላንም ወደ አንድ ሰዓት ያህል ማሳጠሩ ለመንገደኛ ሁሉ በረከት ሲሆን፣ ከቀላየ ባሕር ለወጣ ጠላቂ ግን አደጋ አለበት። ጥልቅ ውስጥ የታመቀ አየር የሚተነፍስ ሰው ሥጋውና ደሙ ናይትሮጅን ይጠጣሉ፤ ጫናው ፈጥኖ ሲቀንስ ያ ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስም ሠረሠርን ይመታል። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 የገለጠውን ይህን ምሥጢር መሠረት አድርጎ፣ ስኮትላንዳዊው ጆን ሃልዴን በፍየሎች ላይ ፈትኖ፣ ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ የሚወጣበትን ሥርዓት በ1908 ከባልንጀሮቹ ጋር አሳተመ።

ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን በ1943 በጀርባ የሚታዘለውን የመተንፈሻ መሣሪያ ካበጁ ወዲህ ጥልቁ ለብዙዎች ተከፈተ፤ በሞምባሳም በ1697 ከኢየሱስ ምሽግ ፊት የሰጠመችውን የፖርቱጋል መርከብ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታናን ሊቃውንት ከ1977 ጀምሮ ጠልቀው መረመሯት።

በውኃ የተከበበ ሰው ውኃ እንደሚያንሰው ብዙዎች አያስቡም። በመተንፈሻው ጠርሙስ የሚታመቀው አየር አስቀድሞ እርጥበቱ ስለሚወገድ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሳንባ ወዝ ይወስዳል፤ ሰውነት ሲጠልቅም ደም ከእጅና ከእግር ወደ ደረት ስለሚሸሽ ኩላሊት ሽንት ያበዛል፤ በጀልባ ላይ ያለው ፀሐይ ይጨመርበታል። የተጠማ ሥጋ ናይትሮጅኑን አዝግሞ ያስወጣል ብለው ሐኪሞች ስለሚሠጉ፣ ጠላቂው ከዋዜማው ጀምሮ ሽንቱ ነጣ እስኪል ጥቂት በጥቂት ውኃ ሊጠጣ፣ ከመጠጥ ሊታቀብ፣ ጠግቦም ሊተኛ ይገባዋል።

ከፍታ ሲጨምር የአየር ጫና ስለሚቀንስ፣ ወደ ናይሮቢ መውጣት የመጥለቁ የመጨረሻ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ልማድ ሲወጣ በየደረጃው መቆም ሳያስፈልገው አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ እንዲሁ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ከጠረፍ ሳይነሣ እንዲቆይ ያዛል፤ በባቡርም ሆነ በመኪና የሚወጣ ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ከአውሮፕላን የሚወርደውም የሚያርፈው በደጋ ነው። ከጅቡቲ ባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ወገናችን ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣልና ቆይታውን ከዚህ አያሳንስ።