ሁለት ካርድ ለአንዲት ሴት፦ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ታሪክ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ እህቶች፣ እንዲህ ያለች ልጅ ያላችሁ ወላጆችም፣ እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል።

አንዲት የአዳማ ልጅ እናስብ። ዕድሜዋ 24 ነው። ባይፖላር ተብላ ካርባማዜፒን (ብዙዎቻችሁ ቴግሬቶል የምትሉትን) በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች። ለዚህ አንድ ካርድ አላት። ሰፈሯ ካለው ጤና ጣቢያ ደግሞ በክንድ የሚቀበረውን የሦስት ዓመት የወሊድ መቆጣጠሪያ አስገብታለች። ለዚህም ሌላ ካርድ አላት። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ክንዷ አልጠየቃትም፣ ሁለተኛው ስለ ኪኒኗ አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም። አንዱ ሌላውን ይነካል ያላት ሰው የለም፤ ደግሞስ ወረፋ የያዙ ሴቶች እየሰሙ "የአእምሮ መድኃኒት እወስዳለሁ" ማለት ቀላል ነው? ከወራት በኋላ ማቅለሽለሽ ጀመራት። እናቷ "ጨጓራ ይሆናል" አሉ። ጨጓራ አልነበረም።

ይህች ልጅ ምሳሌ ናት፤ ታሪኳ ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሁለት ካርድ የያዘችው ሁለቱ ሕክምናዎች ወደ አገራችን በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ ዘመን ስለመጡ ነው።

የአእምሮ ሕክምናው መንገድ የሚጀምረው ከአማኑኤል ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አስርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ጊዜ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይም ሆነ ከሻሸመኔ ልጁ የታመመችበት ቤተሰብ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ወይ ጠበል፣ ወይ አማኑኤል። በከተማዋ ሆስፒታል ነበረ፤ ዛሬ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የምንለው፣ የቀድሞ ሰዎች "ኃይለማርያም ማሞ" የሚሉት። ለአእምሮ ሕክምና ግን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነበር። ይህ መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በአማኑኤል የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀምሮ፣ ነርሶቹ በየክልሉ ሆስፒታሎች ትንንሽ ክፍሎች ሲከፍቱ ነው። አገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትናንት ማለት ይቻላል!

ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ቡታጅራ አለች። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ዶክተር ደረጄ ከበደ ያሉበት ቡድን በዚያ ወረዳ ቤት ለቤት እየዞረ ወደ 68 ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶችን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ጠየቀ። ከተገኙት ታማሚዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። የቡታጅራ ጥናት ዛሬም በዓለም ይጠቀሳል። ነገሩን ለኛ ስንመልሰው ግን፣ ያልታከመች ሴት ስለ መድኃኒቷና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያዋ መጣጣም የሚጠይቃት አይኖርም። ጥያቄው የመጣው ሕክምናው ሲስፋፋ ነው።

የወሊድ መቆጣጠሪያው መንገድ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። ማኅበሩ እንዲህ ያለ ሕግ እያለ መሥራቱ ያስደንቀኛል። በ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ ወጣ፤ ክልከላውም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ቀረ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ሌላ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን በየቀበሌው ገቡ፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢምፕላኖንን ራሳቸው በክንድ መቅበር ጀመሩ። በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ያገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 41 ደረሱ። ከነዚህ 27ቱ መርፌ፣ 9ኙ በክንድ የሚቀበረውን የመረጡ ናቸው።

አያችሁት? አንዱ ከሆስፒታል ወደ ታች፣ ሌላው ከጤና ኬላ ወደ ላይ አደገ። ሁለቱ የሚገናኙት በአንዲት ሴት ሰውነት ውስጥ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ በውጭው ዓለም ሁለቱ ከመነሻው ዘመድ ነበሩ። ፒል (የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ) እንዲፈለሰፍ ገንዘቡን ያወጣችው ካትሪን ማኮርሚክ የምትባል አሜሪካዊት ባለጸጋ ናት። ባሏ ስታንሊ ባገቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስኪዞፍሬኒያ ታመመ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 እስኪሞት ድረስም አልዳነም። ልጅ አልወለዱም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ገንዘቧን ለስኪዞፍሬኒያ ምርምር አፈሰሰች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ፣ ግሪጎሪ ፒንከስ ለተባለው ሳይንቲስት ለፒል ምርምር ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሰጠች። ፒንከስና ባልደረባው ጆን ሮክ ሆርሞኑን በመጀመሪያ ከሞከሩባቸው ሰዎች መካከል በዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን ይገኙበታል። እነዚያ ሴቶች የራሳቸው ፈቃድ ዛሬ በምናውቀው መንገድ አልተጠየቀም። ይህን የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም፤ ወላጆች፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፒሉ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በጀርመን ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ፒል እየዋጡ የወር አበባቸው ተዛባ፤ ያረገዙም ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ፒሏን እየወሰደች ማርገዟ ታተመ።

ምክንያቱ ጉበት ነው። ጉበታችንን እንደ ወፍጮ አስቡት፤ የዋጥነውን ሆርሞን ፈጭቶ ያስወግዳል። ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ሪፋምፒሲን ወፍጮውን ያፈጥኑታል። ሆርሞኑ ሥራውን ሳይጨርስ ተፈጭቶ ያልቃል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ወፍጮው ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ለመመለስ አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በኛ አገር ይህ የበለጠ ይመለከተናል፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሚታከሙት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፣ ፌኖባርቢታልም ርካሽና የተለመደ መድኃኒት ነው።

ታዲያ ክንድ ላይ የሚቀበረውስ? ኢምፕላኖን ውስጡ 68 ሚሊግራም ሆርሞን አለው፤ ይህን ለሦስት ዓመት በየቀኑ በጥቂቱ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮግራም፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ25 እስከ 30 ብቻ። በፈጠነ ወፍጮ ላይ ጠብታ ምን ያደርጋል? ከአውስትራሊያ ኢምፕላኖን እያላቸው ያረገዙ ሴቶች ሪፖርት ሲሰበሰብ፣ ካርባማዜፒን የሚወስዱ ተገኙባቸው። የሦስት ወር መርፌው (ዲፖ) ግን 150 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ የሚገባ ነው፤ መጠኑ ብዙ ስለሆነ ወፍጮው ቢፈጥንም አይጨርሰውም። ሉፕ (መዳብ ያለው፣ በማህፀን የሚቀመጠው) ደግሞ ሆርሞን ስለሌለው ወፍጮው የሚፈጨው ነገር አያገኝም። እስከ አሥር ዓመት ይሠራል። ሉፕ በኛ ሴቶች ዘንድ ብዙ ይፈራል፤ እኔ ግን ካርባማዜፒን ወይም ፌኖባርቢታል ለዓመታት ለምትወስድ እህት መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው።

እዚህ ላይ አትደንግጡ። ካርባማዜፒን የምትወስድና ክንዷ ላይ ያስቀበረች ሁሉ ታረግዛለች ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር አይከለክልም፤ የመከላከል ኃይሉ ሊቀንስ እንደሚችል ግን ያስጠነቅቃል። ፒልን በተመለከተ ግን ሌላ አማራጭ ካለ ተመራጭ አይደለም ይላል። እስክትማከሩ ድረስ ኮንዶም ጨምሩ፤ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ! ፖስትፒልም በእነዚህ መድኃኒቶች ይዳከማል። ስለዚህ በአምስት ቀን ውስጥ ሉፕ ማስገባት ይሻላል፤ ካልሆነ ስለ መጠኑ ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ።

ላሞትሪጂን የምትወስዱ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው። እዚህ የሚጎዳው መድኃኒቱ ነው። ኤስትሮጂን ያለበት ፒል በደም ውስጥ ያለውን ላሞትሪጂን በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል፤ ሕመሙ ይመለሳል፣ ቤተሰብም "መድኃኒቷን ትታ ነው" ብሎ ይቆጣታል። እሷ አልተወችም።

ፍሉኦክሰቲን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ሊቲየም የምትወስዱ፣ መድኃኒታችሁ የወሊድ መቆጣጠሪያውን አያዳክምም። ቫልፕሮኤትም አያዳክምም፤ በሱ ላይ ያለው ጉዳይ ግን ከሁሉም ይከብዳል።

ቫልፕሮኤት የሚጥል በሽታን እንደሚከላከል የታወቀው በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በባይፖላርም በሚጥልም እጅግ ጠቃሚ ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ከዚያው ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን ከተማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ከወለዱ እናቶች የአከርካሪ ክፍተት ያለባቸው ሕፃናት እንደሚበዙ ተነገረ። ዛሬ የምናውቀው ይህን ነው፦ በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮኤት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖረዋል፤ ከ100 ደግሞ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት በንግግር፣ በትምህርትና በአእምሮ እድገት ይቸገራሉ። የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ ማለት ነው። ፎሊክ አሲድ ጥሩ ነው፣ ይህን አደጋ ግን አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2018 አውሮፓውያን አስተማማኝ መከላከያ ለሌላት፣ መውለድ ለምትችል ሴት ቫልፕሮኤት እንዳይሰጥ ደንብ አወጡ። የአከርካሪ ክፍተት ሳይኖርም በሚበዛባት በኛ አገር ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቫልፕሮኤት የምትወስጂ እህቴ፣ በራስሽ አታቁሚው፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ግን በዚህ ሳምንት ቀጠሮሽን አስቀድሚና "ሌላ መድኃኒት ይሆነኛል ወይ?" በይ።

አሁን በየቤቱ የሚያደናግር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፔሪዶን የጡት ወተት የሚያመርተውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። የወር አበባ ይዛባል፣ ለወራት ሊቀር ይችላል፣ አንዳንዴም ሳይወለድ ወተት ይመጣል። አንዷ "አርግዣለሁ" ብላ ትጨነቃለች፤ ሌላዋ "መካን ሆኛለሁ" ብላ መከላከያ ትተዋለች። ሁለተኛዋ ናት የምታሰጋኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለምሳሌ ወደ ኦላንዛፒን ሲቀይረው የወር አበባዋ ሳይመጣ እንኳ ልትፀንስ ትችላለች። በዚያ ላይ ዲፖም ራሱ የወር አበባ ያስቀራል። ስለዚህ የወር አበባን አይቶ መገመት አይቻልም፤ ምርመራው ርካሽ ነው፣ መመርመር ይሻላል።

መርፌውም ያደናግራል። በየወሩ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ፍሉፌናዚን (ሞዲኬት) አለ፤ በየሦስት ወሩ ለመከላከያ ዲፖ አለ። "መርፌሽን ወስደሻል?" ሲባል "አዎ" ትላለች፤ የትኛውን? እናንተ ቤት ሁለቱ የሚሰጡበት ቀን በካሌንደር ላይ በየስሙ ይጻፍ።

ወላጆች፣ ወደ ዉስተር ሴቶች ልመለስ። ልጃችሁ ስለታመመች ብቻ "መርፌ ውጓት፣ እሷ ምን ታውቃለች" ብላችሁ የምትመጡ አላችሁ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ለጾታዊ ጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውም እውነት ነው። ሆኖም የታመመች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ትታመማለች፣ ይሻላታል፣ ትወስናለች። በተሻላት ጊዜ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋት፦ መውለድ ትፈልጊያለሽ? አሁን ወይስ በኋላ? ብዙዎቹ በኋላ ይላሉ። መውለድም ይችላሉ፤ እርግዝናው ታቅዶ፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ ተስተካክሎ። በሌላ በኩል "ያላገባች ልጅ ስለ መከላከያ ምን አላት" ብላችሁ ጉዳዩን ጭራሽ የማታነሱም አላችሁ። ቫልፕሮኤት ለሚሰጣት የ17 ዓመት ልጅ ዝምታችሁ ውድ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱንም ካርድ ይዛችሁ ግቡ። ወሊድ መቆጣጠሪያ ክፍል ስትገቡ የመድኃኒታችሁን ካርቶን አሳዩ፤ ጮክ ብሎ መናገር ከከበዳችሁ ማሳየት በቂ ነው። አእምሮ ሕክምና ክፍል ስትገቡ ክንዳችሁን አሳዩ።

ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ኮሜንት ላይ ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ ያየዋልና። "የአእምሮ ኪኒን" ብቻ ብላችሁ ስትልኩ ግን መመለስ ያቅተኛል። የመድኃኒቱን ስም በደንብ የሚያሳይ ፎቶ ላኩ።