የተዘነጋው ወንድ ትንኝ፦ የዘር ፈሳሽ ፕሮቲኖችና የወባ መከላከል ታሪክ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር የሚሠራ የጤና ባለሙያ የወባን ወራት ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያሻውም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የጤና ጣቢያው ደጅ ትኩሳትና ብርድ ብርድ በሚላቸው ሕሙማን ይሞላል። ዘወትር የምናስተምረውም አንድ ነው፦ ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ናት፤ ወንዱ ደም አይመጥም። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ወንዱን ጨርሶ እንድንዘነጋው አድርጎናል።

በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. በ1958) በሀገራችን ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በማግሥቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ የዲዲቲ ርጭትም ዋነኛ መሣሪያው ሆነ። ስልቱ ያነጣጠረው ደም መጥጣ ግድግዳ ላይ በምታርፈው ሴት ትንኝ ላይ ነበር።

ስለ ወንዱ የተገኘው እውቀት የጀመረው ከሌሎች ነፍሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆርጅ ክሬግ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የወንድ ኤዴስ ትንኝ ተጓዳኝ ዕጢ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሴቷን ዳግመኛ ከመገናኘት እንደሚያግዳት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ በፍራፍሬ ዝንብ የዘር ፈሳሽ ውስጥ 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ተለየ፤ እርሱም ሴቷ ሌላ ወንድ እንድትገፋና እንቁላል እንድትጥል ያደርጋል። የዘር ፈሳሽ የወንዴውን ዘር ከማጓጓዝ አልፎ የሴቷን ጠባይ የሚለውጥ መልእክት እንደሚያደርስ በዚህ ታወቀ።

ተራው የአኖፊለስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጋምቢዬ ትንኝ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም የወንዱን ፕሮቲኖች አስተሳስሮ በማርጋት ውታፍ ይሠራል። ኢንዛይሙ ሲታገድ ውታፉ አይሠራም፤ ሴቷም የወንዴውን ዘር በከረጢቷ በሚገባ ማጠራቀም ይሳናታል። ኋላም ውታፉ ሆርሞን እንደሚያደርስ፣ ሆርሞኑም የእንቁላል ምርትን እንደሚያነሣሣና ዳግመኛ ግንኙነትን እንደሚገታ ተረጋገጠ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ የምትገናኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ፕሮቲኖች በዝግመተ ለውጥ ፈጥነው ከሚለዋወጡት ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዘጠኝ የአኖፊለስ ዝርያዎች ሲነጻጸሩ፣ የላቲን አሜሪካዋ አልቢማኑስ ውታፍም የሆርሞን ስጦታም እንደሌላት ታየ፤ ጋምቢዬና የሀገራችን ዋነኛ አስተላላፊ አረቢየንሲስ ግን ሁለቱም አላቸው። የወንዱ ስጦታና የሴቷ ምላሽ አብረው መለወጣቸው፣ አንዳንድ ዝርያዎች ወባን አብልጠው የማስተላለፍ ችሎታ እንዲያገኙ ሳይረዳቸው እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? አረቢየንሲስ ዲዲቲንና ፓይሬትሮይዶችን መቋቋሟ በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ተረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2024ም በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ የሆርሞኑን ሥራ የሚያዛቡ ውሁዶች በቤተ ሙከራ እየተፈተሹ ነው። መካን ወንዶችን የመልቀቅ ስልትም የቆመው በዚሁ የዘር ፈሳሽ ላይ ነው፦ ዘሩ ፅንስ ባያፈራም ፈሳሹ ሴቷን ከሌላ ወንድ ይከለክላታል። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የገንዲን በሽታ በምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ላይ ይህንኑ መንገድ ተከትላለች።

አጎበሩና ርጭቱ ዛሬም የማይተኩ መሣሪያዎቻችን ናቸው። ነገር ግን ግማሹን ጠላት ብቻ አጥንተን ግማሽ ምዕተ ዓመት መዋጋታችንን ታሪኩ ይነግረናል። ወንዱ አይነድፍም፤ የምትነድፈውን ትውልድ የሚያዘጋጀው ግን እርሱም ጭምር ነው።