ስለ ሀልዎተ እግዚአብሔር በእንግሊዝ ራዲዮ የተደረገ ክርክር

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ሦስተኛው ዓመት ገና ሳይሞላ፣ ጥር 19 ቀን 1940 ዓ.ም. (1948 እ.ኤ.አ.)፣ የእንግሊዝ ራዲዮ ቢቢሲ ለጥበብና ለዕውቀት በከፈተው ሦስተኛ መርሐ ግብሩ፣ ሁለት ፈላስፎች ስለ ሀልዎተ እግዚአብሔር ያደረጉትን ክርክር ለሕዝብ አሰማ። አንደኛው በሒሳብና በሥነ አመክንዮ ስሙ የገነነው፣ ክርስቲያን ያልሆነበትንም ምክንያት በ1927 እ.ኤ.አ. በአደባባይ የዘረዘረው የ75 ዓመቱ አዛውንት በርትራንድ ራስል ነው። ሁለተኛው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው የ40 ዓመቱ ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ሲሆን፣ ሰፊውን የፍልስፍና ታሪክ ድርሰቱን በዚያን ጊዜ ጀምሮት ነበር።

ካህኑ አስቀድሞ ጠየቀ፦ እግዚአብሔር አለመኖሩ ይታወቃል ትላለህን፣ ወይስ አላውቅም ነው የምትለው? ራስልም አላውቅም ባይ መሆኑን ገለጠ። በክሕደት ዝናው ብቻ የሚያውቁት ብዙዎች ይህን መልሱን ዘንግተውታል።

ኮፕልስተን ከፈላስፋው ከሌብኒትዝ በወረሰው መንገድ እንዲህ ሲል አስረዳ፤ በዚህ ዓለም ያለው ሁሉ የህላዌውን ምክንያት በራሱ የያዘ አይደለም፤ ሰው ለመወለዱ ወላጆቹን፣ ለመኖሩም አየርንና ምግብን ይሻል፤ ዓለምም የእንዲህ ያሉ ጥገኛ ነገሮች ድምር ከሆነ፣ ህላዌው ከራሱ የሆነ፣ ለሁሉም ምክንያት የሚሆን አንድ አካል መኖሩ ግድ ነው። ይህ አነጋገር ፍጥረት እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ (ካለመኖር ወደ መኖር) መጣ ከሚለው ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ትምህርት ጋር ይዛመዳል፤ ልዩነቱ፣ ካህኑ ስለ መጀመሪያዪቱ ዕለት ሳይሆን ዛሬም ስላልተቋረጠው ጥገኝነት መናገሩ ነው። ራስል በበኩሉ፣ እያንዳንዱ ሰው እናት ስላለው የሰው ዘር በጠቅላላው እናት አለው እንደማይባል ሁሉ፣ ለዓለም በጠቅላላው ምክንያት መፈለግ አግባብ እንዳልሆነ፣ ዓለምም እንዲያው ያለ መሆኑን ተናገረ። ኮፕልስተንም በሰንጠረዥ ገበታ ፊት መቀመጥ ያልወደደ ሰው ሊረታ እንደማይችል መለሰለት። በእኔ አስተያየት እስከዚህ ድረስ ማንም አልተረታም፤ የተለያዩት በመልሱ ሳይሆን ጥያቄው ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም በሚለው ነውና።

ስለ ምሥጢራዊ ተመስጦ የተነጋገሩትን አልፌ ወደ ግብረ ገብ እመጣለሁ፤ የራስል ክንድ የዛለው እዚህ ላይ ነውና። ካህኑ ደጉን ከክፉ በምን ትለያለህ ቢለው፣ ሰማያዊውን ከብጫ እንደምለይ በስሜቴ እለያለሁ አለ። ኮፕልስተን ወዲያው የናዚዎች እስር ቤት የነበረውን የቤልሰንን አዛዥ ጠቀሰ። ቤልሰን ለአድማጮቹ ሩቅ ስም አልነበረም፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ካምፑ ነጻ በወጣ ጊዜ በሜዳው የተረፈረፈውን ሬሳና በአጥንታቸው ብቻ የቀሩትን እስረኞች ጋዜጠኛው ሪቻርድ ዲምብልቢ የተረከላቸው በዚሁ በቢቢሲ ነበርና። የካህኑ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ለአንተ ክፉ የመሰለህ ለሂትለር ደግ ከመሰለው፣ ፈራጁ ስሜት ብቻ ሲሆን ማን ተሳሳተ ይባላል? ራስል የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ሁሉን ብጫ አድርጎ እንደሚያይ፣ ስሜትም እንደ ዓይን ሊታመም እንደሚችል መለሰ፤ ነገር ግን ጤነኛው ስሜት የማን እንደሆነ የሚለይበትን ሚዛን አላቀረበም።

ይህ ጉዳይ ራስልን ሲከነክነው ኖሯል። በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው ማስታወሻ፣ ግብረ ገብ የግል ስሜት ነው የሚለውን ክርክር የሚያፈርስበት መንገድ እንዳላገኘ፣ ሆኖም የጭካኔ ጥፋቱ እርሱ አለመውደዱ ብቻ ነው ብሎ ማመን እንደተሳነው ገለጸ። ይህ ብቻውን ሀልዎተ እግዚአብሔርን አያስረዳም፤ እርሱም በ1970 እ.ኤ.አ. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አላመነም። እኔ ግን በራሱ ትምህርት ላይ የተገኘውን ይህን ጉድለት ሳይሸሽግ መጻፉን፣ በራዲዮ ካሰማው ብልህ መልስ ሁሉ አብልጬ አከብርለታለሁ።